የጮኸ ሁሉ አልሮጠም

መርሳ፣ እህቴ ቤት ነኝ። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። እህቴ ስኒውን ልታቀብለኝ እጇን ስትዘረጋ ከበራፉ ውጭ «ጧ! ጧ! ጧ!» የሚል ነገር ፈነዳ። ስኒው ምንጣፉ ላይ ተደፋ። እኔ ጎንበስ እስክል ድረስ እህቴ የጎረቤቷን ሕፃን ጎትታ ሣጥኑ ጥግ ሸጉጣዋለች። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ በሩ ተበረገደና የእህቴ ልጅ፣ የሃያ ስድስት ዓመቱ ጎረምሳ፣ በባዶ ራሱ፣ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ገባ።

«ጋሼ! ሰሙት? ማርሚታውን አስቀየርኩት'ኮ!»

ሰማነው። መርሳ በሙሉ ሰማው።

እንግዲህ የእኛ አገር ጆሮ ምን የመሰለ ጆሮ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያም መርሳም ሐብሩም በጦርነት ውስጥ ከርመዋል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ እንደገና ከተኩስ ጋር ሲያድርና ሲውል ቆይቷል። እዚህ አካባቢ እናት የሚባል ሰው ድምፅ ሲሰማ በመጀመሪያ ልጆቹን ይቆጥራል፤ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እህቴም ልጇን እስክትቆጥር ድረስ የጮኸው ራሱ ልጇ መሆኑን አላወቀችም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ 150 ሲሲ ቦክሰር ሞተር አለው። እናቱ የማንጎ ብሯንና የዕቁብ ዕጣዋን ደምራ ገዝታለታለች። ከመርሳ ጊራና፣ ከጊራና መርሳ ሰው እያመላለሰ ያድራል፤ ሲቀናው ወልዲያ ድረስ ይዘልቃል። ኑሮው ይኼው ሞተር ነው፤ የእናቱም ጭምር። ታዲያ ልጄ ስልኩ ላይ አንድ ነገር አይቶ ልቡ ሄዷል፤ «ክሩዘር» የሚሉትን። ወንበሩ ዝቅ፣ መሪው ከፍ፣ ሞተሩ እንደ በርሜል የወፈረ፣ ነጂው ቆዳ ለብሶ እንደ ንጉሥ ተንፈላስሶ የሚሄድበት የአሜሪካ ሞተር ብስክሌት። ያንን መግዛት አይችልም። ስለዚህ ያለውን ቦክሰር ወደዚያ ሊያሳድገው ቆርጧል። እኔ ዘንድ የመጣው ለሦስተኛው ደረጃ ገንዘብ ፍለጋ ነው።

«ደረጃ» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ የጽሑፍ ዝርዝር አለው። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ጋራዥ ያለ ጓደኛው እየነገረው የጻፈው ነው። እንዲህ ይላል፦ አንደኛ፣ ማርሚታ መቀየር (አጠገቡ ላይ «ተፈጽሟል» ተብሎበታል)። ሁለተኛ፣ ፊልትሮ ማውጣት። ሦስተኛ፣ ሲሊንደር አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ማስገባት። አራተኛ፣ ከፍ ያለ መሪና ዝቅ ያለ ወንበር። አምስተኛ፣ ጥቁር ቀለም።

ማስተማር ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። ቢሆንም ወረቀት በእጄ ሲገባ ጣቴ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አንድ ነገር አሰለቻቸው ነበር፦ «ጽሑፉ እሆናለሁ ያለውን ነው ወይ? የሚለውና የሚያደርገው ይገናኛሉ ወይ?» ይህን ወረቀትም በዚያው ዓይን ላንብበው አልኩ። ርዕሱ «የሞተር ጉልበት ማሳደጊያ» ይላል። ከአምስቱ ነጥቦች ሁለቱ ጉልበትን ጨርሶ አይነኩም። አንዱ ድምፅ ይጨምራል፣ አንዱ አቧራ ያስገባል፣ አንዱ ደግሞ ሞተሩን ይገድላል። ርዕስና ይዘት ተጣልተዋል። በኔ ጊዜ ቢሆን «ሀሳብህን አብራራ» ብዬ እመልሰው ነበር።

ከቃሉ እንጀምር። አያቶቻችን ሞተር ብስክሌት መጀመሪያ ሲያዩ «ዶቅዶቄ» አሉት። ስም ያወጡለት በጆሯቸው ነው። ክፍሎቹን ግን የሰየመልን ጋራዥ ነው፤ ጋራዡ ደግሞ የተማረው ከጣሊያን ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ካቴና… ጠላት በ1933 ሲወጣ ቃላቱ ቀርተዋል። ማርሚታም ከእነዚሁ ነው። በጣሊያንኛ ማርሚታ ማለት ድስት ነው፤ የጭስ ማውጫውን ጩኸት የሚያፍነውን ዕቃ ድስት ብለው ጠሩት። የእህቴ ልጅ እንግዲህ ያደረገው ድስቱን ከነክዳኑ አንስቶ መጣል ነው። ድስት ስለተጣለ ወጥ አይበስልም፤ ሽታው ግን ሠፈሩን ያዳርሳል።

አሁን ወደ ክሩዘሩ። የዚህ ዓይነት ሞተር ብስክሌት ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ሃርሊ ዴቪድሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ። ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በ45 ዲግሪ ተጋጥመው የሚቆሙ ስለሆኑና አንድ ክንድ ስለሚጋሩ የሚተኩሱት በእኩል ርቀት አይደለም፤ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት ብለው ነው። ያ የሚያነክስ ዜማው የመጣው ከዚሁ ነው። አሜሪካኖቹ «ፖቴቶ፣ ፖቴቶ» ይላል ይላሉ። እኛ ዶቅ ዶቅ ሰማን፤ እነሱ ድንች ድንች ሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1994 ኩባንያው ይህንኑ ድምፅ በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግበው አመልክቶ ነበር። ተፎካካሪዎቹ ተቃወሙ፤ ጉዳዩ ለስድስት ዓመት ተጓትቶ በ2000 ኩባንያው ራሱ ማመልከቻውን ተወው። እንግዲህ ድምፅን በባለቤትነት መያዝ ለባለ ድምፁም አልተሳካለትም። የእኛ ልጅ በአንድ ቱቦ ሊወርሰው ነው።

ለልጁ ያልነገሩት ነገር ግን ሌላ ነው። የዚያ ሞተር ድምፅ የጉልበቱ ውጤት እንጂ ምክንያቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ለ2017 ሞዴል የወጣው የሃርሊ ሞተር 1,746 ሲሲ ነው፤ የመዞር ጉልበቱ ከ140 ኒውተን ሜትር ይበልጣል። የእኛ ቦክሰር 12 ገደማ ነው። ያኛው ከ300 ኪሎ የማያንስ ብረት ተሸክሞ ሰፊና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በዝግታ እየተሽከረከረ እንዲሄድ የተሠራ ነው። ይኼኛው ደግሞ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ማሽላ ጭኖ የጊራናን ኮረብታ እንዲወጣ የተፈረደበት።

የሃርሊ ሰዎች «አንደኛ ደረጃ» የሚሉት ማሻሻያ አለ። የእኛ ዝርዝር የተቀዳው ከዚያ መሆን አለበት። ግን እዚያ ደረጃው ሦስት ነገር በአንድነት ነው፦ አየር በደንብ የሚያስገባ ፊልትሮ፣ ጭስ በደንብ የሚያስወጣ ማርሚታ፣ ከሁለቱ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ የሚስተካከል የነዳጅ አቅርቦት። ሦስቱም ተሟልተው የሚገኘው ከመቶ አሥር ገደማ ቢሆን ነው። የእኛ ልጆች ከሦስቱ የሚጮኸውን አንዱን ወሰዱ። በእኛ ሙያ ይህ «ጥቅስን ከዐውዱ መገንጠል» ይባላል።

ነዳጁ ካልተስተካከለ ምን ይሆናል? ማርሚታ ሲነሣ ያች ትንሽ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በዝቅተኛው ዙር ላይ ጉልበቷ ይቀንሳል፤ አቀበት የሚወጣው ደግሞ በዝቅተኛው ዙር ነው። ነጂው ነዳጅ ሲለቅ ያልተቃጠለው ጋዝ ወደ ጋለው ቱቦ ይገባና እዚያ ይቀጣጠላል፤ «ጧ!» ይላል። ያ እህቴን ያስደነገጣት ድምፅ እንግዲህ የባከነ ቤንዚን ነው። ወረፋ ተይዞ፣ አንዳንዴም በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር በውድ ተገዝቶ፣ ሰው ለማስደንገጥ የተቃጠለ ቤንዚን!

የተራራው ሒሳብ ደግሞ አለ፤ ይህን ማንም አያነሣውም። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ነው። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ወልዲያ ከ2,000 በላይ። በመካከል ሲሪንቃ 1,850 ላይ ተቀምጧል። ወልዲያ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አራት አምስተኛ አይሞላም። ፋብሪካው 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል ያለው ሞተር ወልዲያ ሲደርስ ዘጠኝ ተኩል ገደማ ይቀረዋል ማለት ነው። የድልብን አቀበት ይዞ ወደ 3,000 ሜትር ሲጠጋ ደግሞ ከመቶ ሰባ እንኳን ማግኘቱ እድል ነው። አያችሁ? ሦስቱም የተሟሉለት ማሻሻያ ከመቶ አሥር ያመጣል፤ ተራራው ግን ሃያ ወስዷል። ተራራ የወሰደውን ማርሚታ አይመልሰውም።

ይልቅ ተራራው የሚጠይቀው ሌላ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ነዳጅ ይበዛል፤ ካንዴላው ፈትታችሁ ብታዩት ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። የነዳጁን ቀዳዳ ለከፍታው አስጠብቦ ማስተካከል የአንድ ጎበዝ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካንዴላው ቡናማ ሆኖ ሲመጣ ሞተሩ ታረቀ ማለት ነው። ነጭ ሆኖ ከመጣ ግን ነዳጅ አንሶታል፤ በዚያ ላይ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል ቢወረድ ሞተሩ ይግላል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። ፊልትሮ ማውጣት የሚሉት ደግሞ የባሰ ነው። የእኛ መንገድ አቧራ አሸዋ አለበት፤ አሸዋ ደግሞ ፋሻውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሞተሩ ለጥቂት ሳምንት ቀለል ያለው ይመስላል፤ ከዚያ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። ትልቅ ፒስተን? ፍሪሲዮኑ፣ ዘይት መግፊያው፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሁሉም የተሠሩት ለ12 የፈረስ ጉልበት ነው። በንፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር በአቀበት ላይ ቀስ እያለ ሲንፏቀቅ ንፋስ እንኳ በወጉ አያገኝም። ልብ ታላቅ ሆኖ ደረት ቢጠብ ምን ዋጋ አለው?

ይህን ሁሉ ለልጁ አስረዳሁት። (ይህን ያህል ንግግር የሚታገሰኝ ገንዘብ ስለሚፈልግ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ።) ወረቀቱን ገልብጬም በጀርባው ሌላ ዝርዝር ጻፍኩለት። አንደኛ፣ ሁለት ሄልሜት፤ አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለተሳፋሪህ። የብዙ አገሮች ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚሰጥ ማርሚታ አልተሠራም። ሁለተኛ፣ ፍሬንና ጎማ። ፍጥነትህ ከ40 ወደ 60 ሲያድግ ፍሬን ይዘህ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት በግማሽ አይደለም የሚጨምረው፣ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ፊልትሮ ማጠብ፣ ቫልቭ ማስመታት፣ ካርቡራቶሩን ለከፍታው ማስተካከል። አራተኛ፣ አሁንም አቀበቱ ካስቸገረህ የኋላውን ጥርስ ቀይር። 42 ጥርስ ያለውን በ45 ብትተካው የጎማው የመግፋት ጉልበት ከመቶ ሰባት ይጨምራል። የላይኛው ፍጥነትህ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ግን ከመርሳ ጊራና ማን ያሳድድሃል? አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልበቃህ ይኼን ሽጠህ ተለቅ ያለ ሞተር ግዛ። ትንሹን በግድ ትልቅ ከማድረግ ትልቁን መግዛት ይረክሳል።

አነበበው። አጠፈው። ከዚያ የተናገረው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝማ። ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን እኔ ዲግሪዬን ይዤ ሦስት ዓመት በየመሥሪያ ቤቱ ስመላለስ ማን ቀና ብሎ አየኝ? ሞተሩን ገዝቼ ጸጥ ብዬ ስሠራስ ማን አየኝ? አሁን በዋናው መንገድ ሳልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ማርሚታውን ብመልሰው እንደገና የለሁም ማለት ነው።»

ዝም አልኩ። ለዚህ መልስ ቀይ እስክሪብቶ የለኝም። ለነገሩ እንዲህ ያለውን ዲግሪ ሲፈርሙ ከኖሩት አንዱ እኔ ነኝ። «ተማሩ፣ ትደመጣላችሁ» ብለን ቃል የገባንላቸው እኛ ነን። ልጁ በቋንቋ ሞክሮ አልሰማነውም፤ በማመልከቻ ሞክሮ አልሰማነውም። በቱቦ ቢሞክር ልንቆጣ መብት አለን ወይ? እኛ ታላላቆቹስ ብንሆን ሰርግ ላይ ድምፅ ማጉያውን ወደ ጎረቤት መስኮት የምናዞር፣ ስብሰባ ላይ የሚያስበውን ትተን የሚጮኸውን የምናጨበጭብለት ሰዎች አይደለንም እንዴ? ልጁ እኮ የተማረው ከእኛ ነው። ጉልበት ማለት ድምፅ ነው ብለን ያስተማርነው እኛው ነን።

ቢሆንም አንድ ነገር አልኩት። «ዞሮ ያየህ ሁሉ አየህ ወይ? እናትህም ዞራለች፤ ወደ ሣጥኑ ጥግ።»

አቀረቀረ። መልስ አልሰጠኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሞተረኞች ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ቦታ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሥራ የፈታ ሰው ስለሆንኩ ታዘብኩ። ከሚጠብቁት ውስጥ የሚጮኹት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የእኛው። ልጅ ያዘለች ሴት መጣች፤ ጸጥ ያለውን መርጣ ተሳፈረች። እንቁላል በቅርጫት የያዙ አሮጊት መጡ፤ የእኛን ልጅ ሲያስነሣ ሰምተው «ኧረ በስመአብ! ይኼስ ይፈነዳል!» ብለው አለፉት። የሚጮኸው ላይ የወጡት ሁለት የትምህርት ቤት ጎረምሶች ናቸው፤ እነሱም ዋጋ ተከራክረው። ይህ ጥናት አይደለም፤ የአንድ ብርጭቆ ሻይ ትዝብት ነው። ግን የእህቴ ልጅም እኩል ከኔ ጋር ያይ ነበር።

«የሚጮህ ቱቦ ነፍስ ያድናል» የሚሉም አሉ፤ መኪና ይሰማኛል ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሃሪ ኸርት የመሩት ጥናት ወጥቶ ነበር፤ 900 ያህል አደጋዎች በደረሱበት ቦታ ተመርምረዋል። አደጋው በአብዛኛው የሚመጣው ከነጂው ፊት ለፊት ሆኖ ተገኘ። ቱቦው ደግሞ የሚጮኸው ወደ ኋላ ነው። የሚገጨህ ሳይሰማህ፣ አልፈኸው የሄድከው ይሰማሃል።

ሌላም ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ፈቃድ በሌላቸው ሞተር ብስክሌቶች ላይ እገዳ ስትጥል ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነው ተባለ። ከወንጀለኞቹ ጋር በላቡ ያድር የነበረውም ብዙ ሞተረኛ አብሮ ተመታ። እኔ ከዚያ የተማርኩት፣ ሠፈር ያልወደደው ሥራ በክፉ ቀን ጠበቃ እንደማያገኝ ነው። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ከገጠር ቀበሌ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ይኼው ሞተር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሌሊቱን ሁሉ ሲያባንነው ያደረ ሰው ያንን አያስታውስም። ወጣቱ ሊሰማ ፈልጎ ነው የጮኸው፤ ጩኸቱ ግን ሊሰሙት የሚችሉትን ጆሮዎች ዘጋቸው።

ለሦስተኛው ደረጃ የጠየቀኝን ገንዘብ ሰጠሁት። «ለየትኛው ወረቀት እንደምታውለው አንተ ታውቃለህ፤ ለፊቱም ለጀርባውም» አልኩት። «አብሽሩ ጋሼ» ብሎ ስሞኝ ሄደ። አልጠየቅሁትም።

ከአንድ ወር በኋላ እህቴ ወልዲያ ደወለችልኝ። ስለ ማሽላው አወራን፣ ስለ ዋጋው አወራን። ልትዘጋው ስትል፣ «ጋሼ፣ ትናንት ማታ ልጄ ሲመጣ አልሰማሁትም» አለችኝ። «ሲመሽ ጊዜ ደንግጬ ልፈልገው ስወጣ በራፉ ላይ ቆሞ ሄልሜቱን እያወለቀ አገኘሁት።»

ቸር ያሰማን።